የቤዝ ጊታር የብሪጅ ክዳን እንዴት በትክክል ይገጠማል? (ጅማ)

ቤዘኛው_ዘጅማ — ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20
ሰላም ቤተሰብ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ የክሮም የብሪጅ ክዳን ይዞልኝ መጣ፤ ክሮቹ ገላው ላይ የሚታሰሩበትን ብረት (ብሪጁን) የሚሸፍነው ማለት ነው። ቤዜ ባለ 4 ክር ነው፤ ቅርፁ እንደ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ። ችግሩ ገላው ላይ ለክዳን የተበሳ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ መብሳት የግድ ነው።

ከባንዳችን ጋር የምንጫወተው የድሮ ዘፈን ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ ጭክጭካ። ክዳኑን የምፈልገው ለውበት ብቻ አይደለም። ውስጡ ስፖንጅ ተደርጎበት ያንን አጠር፣ ደፈን ያለ ድምፅ ማውጣት እፈልጋለሁ።

ዛሬ በእጄ ብቻ አስቀምጬ ሞከርኩት። ኤ ክርን ስመታ «ዝዝዝ» ይላል። ትክክለኛ ቦታው የት ነው? ቀለሙ ሳይሰነጠቅ እንዴት ይበሳል? ድምፁስ ከምን ይመጣል? የገጠማችሁ ካላችሁ በናታችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

---

ጋሽ_ወፍራም_ክር — ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05
ልጄ፣ ድሪሉን ገና አታንሳ። ክዳን የሚገጠመው መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ።

ክዳኑ አንዴ ከታሰረ ሳድሎቹን፣ ክሮቹ ብሪጁ ላይ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ብረቶች፣ አታገኛቸውም። ከፍታ የሚያስተካክሉት ትንንሽ ብሎኖች ከሥሩ ይቀራሉ። በኋላ ክር በቀየርክ ቁጥር ክዳን ስትፈታ ልትኖር ነው። በእንጨት ውስጥ ያለ ብሎን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሲፈታ ቀዳዳው ይላላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቤዙን አስተካክል።

አዲስ ክር ግጠምና በደንብ ይለጠጥ። አንገቱ ከተቆለመመ በትራስ ሮዱ፣ በአንገቱ ውስጥ ባለው የብረት ዘንግ፣ አቃናው። ከዚያ የክሩን ከፍታ ያዝ። ብዙ ሰው 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው 12ኛው የብረት መስመር) ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ይመቸዋል፤ አንተ የሚመችህን ታውቃለህ። ከዚያ ኢንቶኔሽን፤ ክሩ አንገቱ ላይ የትም ብትጫነው ቅኝቱ ልክ እንዲሆን ማድረግ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒክ አውጣ፤ ክሩን ሳትጫን ነካ ብቻ አድርገህ ምታ። እዚያው ፍሬት ላይ ተጭነህ ደግሞ ምታ። የተጫንከው ከሃርሞኒኩ ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ወደ ክሩ መጨረሻ ሳበው። ዝቅ ካለ ወደ ፒካፑ (የክሩን ድምፅ ወደሚቀበለው ማግኔት) ግፋው። አራቱንም እንዲሁ። ይህን ሳትጨርስ ክዳኑን አትንካው።

ስለ ድምፁ ያልከው እውነት ነው። ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን በ1951 ሲያወጣ፣ በ1960 ደግሞ ጃዝ ቤዝን ሲያወጣ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምልህ) ብሪጁ በክዳን ይሸፈን ነበር። በፕሪሲዥኑ ክዳን ውስጥ ክሩን የሚያፍን ስፖንጅ ነበረበት። በኋላ ብዙ ተጫዋች ክዳኑን አውልቆ ጣለው። ጄምስ ጀመርሰን ግን አላወለቀውም። የሞታውኑ፣ የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ ቤት ቤዘኛ ማለቴ ነው። የ1962 ፕሪሲዥኑን ከነክዳኑ፣ ከነስፖንጁ፣ ልሙጥ ወፍራም ክር አስሮ ነበር የሚጫወተው፤ ያውም በአንድ ጣት። ያንን ድምፅ ከፈለግህ ክዳኑ ብቻውን አያመጣውም። ስፖንጁና ክሩ ናቸው ትልቁን ሥራ የሚሠሩት።

---

ስላፐሩ — ማክሰኞ፣ ማታ 4:40
እኔ ብሆን አልገጥመውም። መዳፌን ብሪጁ ላይ አሳርፌ ክሩን እያፈንኩ ነው የምጫወተው። ክዳን ካለ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ የለም። ስፖንጅ ደግሞ ሁልጊዜ ነው የሚያፍነው፤ መዳፍ ግን ስትፈልግ ታነሳዋለህ። ደህናውን ቤዝ መብሳት ምን ያስፈልጋል? ወንድሜ፣ አስብበት።

---

ቤዘኛው_ዘጅማ — ማክሰኞ፣ ማታ 5፡10
@ስላፐሩ ገባኝ፤ ለአንተ አጨዋወት ልክ ነህ። እኔ ግን ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ) አልጫወትም። ጭክጭካ ላይ ቤዙ ድምፁን ካረዘመ ከከበሮው ጋር ይጋጫል። ኖታው ቶሎ ሲሞት ለኪኩ፣ በእግር ለሚመታው ከበሮ፣ ቦታ ይለቅለታል፤ ዘፋኙም ይሰማል። መዳፌን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ አስቀምጬ መቆየት አልችልም፤ አንጓዬን ያመኛል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉት መጀመሪያ አስተካክለዋለሁ።

ከዚያስ? የሚበሳውን ሰው ንገሩኝ።

---

እንጨት_ሠሪው_ከመርካቶ — ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30
የሚበሳው ራስህ ነህ። እንጨት ነው፤ ተረጋግተህ ከሠራኸው አይከብድም። እኔ ጅማ መርካቶ ወንበርና አልጋ ነው የምሠራው። ለጊታር ሰዎችም ስበሳ ቆይቻለሁ። ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ቦታ። ክሮቹ ታስረው፣ ተቃኝተው ይሁኑ። ክዳኑን ብሪጁ ላይ አስቀምጥና ከፊት ለፊት እይ። በኢ ክርና በክዳኑ የውስጥ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት፣ በሌላው በኩል በጂ ክርና በግድግዳው መካከል ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። በማየት ብቻ አትርካ፤ በካሊፐር ወይም በቀጭን ማስመሪያ ለካ። ብሪጁ ራሱ ትንሽ ጠመም ብሎ ታስሮ ሊሆን ስለሚችል በብሪጁ አትመራ። በክሮቹ ነው የምትመራው፤ ዓይን የሚያየው ክርና ክዳን ነውና።

የክዳኑ የፊት ጠርዝ ክሮቹን በቀጥታ ያቋርጥ። አንድ ጫፉ ወደ ፒካፑ ከቀረበ ጠሟል ማለት ነው።

ከዚያ ከፍታ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ችላ ይላል። የሻማ ሰም በእጅህ ሙቀት አለስልስና በሳድሎቹ የከፍታ ብሎኖች አናት ላይ ጠብታ ጠብታ አስቀምጥ። ክዳኑን ቀስ ብለህ አውርደህ እስከ ታች ተጫነው፤ ከዚያ አንሳው። ሰሙ ተጨፍልቆ የቀረውን ውፍረት አየህ? በክዳኑና በብሎኑ መካከል ያለህ ክፍተት እሱ ነው። ሰሙ እንደ ወረቀት ከሳሳ ክዳኑ ሊነካ ነው፤ ያ «ዝዝዝ» የምትለው ነገር ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ትንሽ ትርፍ ክፍተት ደግሞ ተው። ነገ ክሩን ከፍ ማድረግ ብትፈልግ ብሎኑም ሳድሉም ይነሳል።

ብሪጅህ ከፋብሪካው ጋር የመጣው የታጠፈ ቆርቆሮ ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ ይገባል። ወፍራም፣ ከባድ ብሪጅ ቀይረህ ከሆነ ግን ክዳኑ ላይዘጋብህ ይችላል። ያኔ መብሳቱን እዚያው ተው።

አሁን መብሳት። የአሁን ጊዜ ቤዝ ብዙው ፖሊስተር ቀለም ነው፤ ወፍራምና ደረቅ። ቀጥታ ፑንታ ካስገባህበት ጠርዙ ይፈነጥቃል። ስለዚህ፦

የወረቀት ፕላስተር ገላው ላይ ለጥፍ። ክዳኑን አስቀምጥ፣ ቦታውን አረጋግጥ፣ በሹል እርሳስ የቀዳዳውን መሐል ምልክት አድርግ። ክዳኑን አንሳና በወስፌ ጠቆም አድርገው፤ ፑንታው እንዳይንሸራተት።

በመጀመሪያ ከብሎኑ ጥርስ ጋር እኩል ውፍረት ያለው ፑንታ ያዝ። ድሪሉን ወደ ኋላ አዙረህ ቀለሙን ብቻ ፋቀው። እንጨቱ ሲታይህ አቁም። ይህ የሚደረገው ብሎኑ ሲገባ ጥርሱ የቀለሙን ጠርዝ ይዞ እንዳያነሳው ነው።

ከዚያ ቀጭኑን ፑንታ ግጠም። ቀጭኑን እንዴት ትመርጣለህ? ብሎኑን ብርሃን ላይ ያዝና ፑንታውን ከፊቱ ደርብ። ፑንታው የብሎኑን ግንድ ሸፍኖ ጥርሶቹ ግራና ቀኝ ብቅ ካሉ ልክ ነው። ጥርሱም ካልታየ ወፍራም ነው፤ ብሎኑ አይነክስም። ግንዱ ከታየ ቀጭን ነው፤ እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ወይም ብሎኑ መሐል ላይ ይቆረጣል። የተቆረጠ ብሎን ከገላ ውስጥ ማውጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ጥልቀቱን በብሎኑ ርዝመት ለክተህ ፑንታው ላይ ናስትሮ ጠምጥም። ናስትሮው ገላውን ሲነካ አቁም። ድሪሉ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ጓደኛህ በጎን ሆኖ ይይልህ።

አንድ ነገር አደራ። ሁለቱንም ወገን በአንዴ አትብሳ። አንዱን ብሳ፣ ብሎኑን ላላ አድርገህ እሰር፣ ክዳኑን እንደገና አስተካክል፣ ከዚያ የሌላውን ምልክት አድርግ። ሁለቱን ቀድመህ ከበሳህ ግማሽ ሚሊሜትር ስህተት እንኳን ክዳኑን ያጣምመዋል። የተጣመመ ክዳን ደግሞ ተወጥሮ ስለሚታሰር ይንጫጫል።

ብሎኑን ከማስገባትህ በፊት ጥርሱን ሻማ አስነካው። ሳሙና አታድርግ፤ ሳሙና እርጥበት ይስባል፣ ብሎኑም ይዝጋል። ሲታሰር በካቻቢቴ፣ በእጅ። በማሽን አይሆንም።

መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክረው። ከፈለግህ ሱቅ ናና ቁራጭ ዋንዛ እሰጥሃለሁ።

---

ሽቦ_ፈቺው — ረቡዕ፣ ቀን 6፡15
ከእንጨት ሠሪው ጽሑፍ ጋር በሙሉ እስማማለሁ። የኤሌክትሪኩን ልጨምር፤ ከመብሳትህ በፊት አንብበው።

ከብሪጁ ሥር ተነስቶ ወደ ቮልዩም ፖቶቹ (ድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ) ክፍል የሚሄድ ሽቦ አለ። የግራውንድ ሽቦ ነው። በእንጨቱ ውስጥ በተበሳ ቀጭን መተላለፊያ ነው የሚያልፈው፤ ከላይ አይታይም። መንገዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጂ ክር ወገን ነው፤ ያው የክዳንህ አንዱ ብሎን የሚወርድበት ወገን። የፖቶቹን ሽፋን ፍታና ሽቦው በየት በኩል እንደሚገባ እይ። ከዚያ ቀዳዳ እስከ ብሪጁ ድረስ በፕላስተሩ ላይ መስመር አስምር። ብሎንህ መስመሩ ላይ ከወደቀ ክዳኑን ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ አንቀሳቅስ። ሽቦው ከተቆረጠ ቤዙ መጮህ ይጀምራል፤ ክሩን ስትነካም ጩኸቱ አይቀንስም።

ክዳኑ ራሱ ግራውንድ ይፈልጋል ወይ? በፕሪሲዥን ዓይነት ላይ ከክዳኑ ሥር ፒካፕ ስለሌለ ብዙም አያሳስብም። ጃዝ ቤዝ ላይ ግን ክዳኑ የኋላውን ፒካፕ ጭምር ይሸፍናል። እዚያ ላይ ግራውንድ ያልሆነ ብረት ስትነካው ድምፅ ሊያመጣብህ ይችላል። በቴስተር ለካው፦ አንዱን ጫፍ ክዳኑ ላይ፣ ሌላውን የጃኩ ውጫዊ ብረት ላይ። ቴስተሩ ካልጮኸ ከብሪጁ ሳህን እስከ ክዳኑ ከንፈር ቀጭን የመዳብ ቅጠል አንጥፍለት። በፈረንጅ 60ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ጃዝ ቤዞች ራሳቸው ከብሪጁ ወደ ፒካፑ በገላው ላይ የተዘረጋ የብረት ቅጠል ነበራቸው፤ ክዳኑ ሸፍኖት ነው የማይታየው።

ሌላም አለ። አምፕህ ባለ ሦስት እግር ሶኬት ከሆነ ሦስተኛውን እግር አትቁረጠው፤ የግድግዳው ሶኬትም መሬት የተያያዘ መሆኑን አረጋግጥ። አንድ እጅህ ክር ላይ፣ አፍህ ማይክ ላይ ነው። 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም።

---

የሄርማታ_ልጅ — ረቡዕ፣ ማታ 2፡50
ስለ ስፖንጁ ማንም በደንብ አልጻፈም፤ እኔ ልጻፍ። የምጫወተው ከመዘምራን ጋር ነው፤ ቤዜ ክዳንም ስፖንጅም አለው።

የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ አየሩ እርጥብ ነው። ተራው የፍራሽ ስፖንጅ ላብንም እርጥበትንም ይመጣል፤ ከዚያ ሳድሎቹ ላይ ተኝቶ ያድራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክዳኑን ስትከፍት የከፍታ ብሎኖቹ ቡናማ ሆነው ታገኛቸዋለህ፤ አለን ቁልፍ እንኳን አይዛቸውም። ስለዚህ የፍራሽ ስፖንጅ አታድርግ። ውሃ የማይመጠውን ፎም ፈልግ። ቴሌቪዥን ሲገዛ ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ነጭ ልስልስ ፎም ይሆናል። የስፖርት ምንጣፍ ቁራጭም ጥሩ ነው። ጠብታ ውሃ ጣልበት፤ ካልገባበት ያው እሱ ነው።

ውፍረቱ ነው ዋናው። ፎሙ ከሳድሉ ፊት ለፊት ክሩን በስሱ መንካት አለበት። አንድ ጣት በክሩ ላይ ሳትጫን ብታሳርፍ የሚሰማህን ያህል። ወፍራም ካደረግኸው ድምፁ ዱም ብሎ ይቀራል፤ ኖታው አይለይም፤ ክሩን ስለሚገፋውም ቅኝቱ ከፍ ይላል። ከፎሙ በኋላ 12ኛውን ፍሬት እንደገና ፈትሽ። ኢ ክር ወፍራም ስለሆነ ቶሎ ይታፈናል። እኔ ፎሙን በኢ በኩል ትንሽ ሳሳ አድርጌ ቆርጫለሁ። አራቱም ክሮች እኩል የሚሞቱት እንደዚያ ሲሆን ነው።

በሱፐር ግሉ አታጣብቀው። በሁለት ወገን በሚለጠፍ ፕላስተር ክዳኑ ጣሪያ ላይ ለጥፈው፤ ካልወደድከው ትነቅለዋለህ።

ክሮሙን ከመጫወት በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። በተለይ የውስጥ ጠርዙን፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

---

አዲስ_ቤዘኛ — ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00
ክዳኑንስ ራሱን በሁለት ወገን ፕላስተር መለጠፍ አይቻልም? መብሳት ፈራሁ። 😟

---

እንጨት_ሠሪው_ከመርካቶ — ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡25
@አዲስ_ቤዘኛ ለሙከራ በጣም ጥሩ ነው። ለጥፈህ ሳምንቱን ተጫወትበት፤ እጅህ ከክዳኑ ጋር ይስማማ እንደሆነ ታያለህ። ለቋሚ ግን አልመክርህም። ላብና የመብራት ሙቀት ሙጫውን ያላላዋል። ክዳኑ መድረክ ላይ ተንሸራትቶ ክር ላይ ካረፈ ድምፁ እዚያው ይጠፋል። ሙጫው ሲነቀልም ቀለም ይዞ ሊነሳ ይችላል፤ በተለይ ቀለሙ ቀጭን በሆነ አሮጌ ጊታር ላይ።

---

ቤዘኛው_ዘጅማ — እሁድ፣ ቀን 9፡40
ተገጠመ! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ከቤዙ ጋር መርካቶ ሄጄ እንጨት ሠሪው ሱቅ ውስጥ ሠራነው። እሱ ድሪሉ ቀጥ ማለቱን በጎን ሆኖ ያይልኛል፣ እኔ እበሳለሁ። የሽቦውን ነገር የነገርከኝ @ሽቦ_ፈቺው ተባረክ። ሽፋኑን ፈትተን ስናየው የሽቦው መስመር ልክ እኛ ምልክት ካደረግንበት ጎን ነው የሚያልፈው። ክዳኑን ወደፊት ትንሽ ገፋ አደረግነው፤ ብሎኑ ከመስመሩ ዳነ። የክዳኑ ጠርዝ ከፒካፑ ጋር ያለው ርቀት አሁንም ያምራል።

የሰሙ ዘዴ ደግሞ ችግሩን ቁልጭ አድርጎ አሳየን። ከአራቱ ሳድሎች የኤው አንደኛው ብሎን ሌሎቹ ላይ የማይታይ ርዝመት አለው፤ እሱ ላይ የነበረው ሰም ጭራሽ ተጨፍልቆ ጠፍቶ ብረቱ ታየ። «ዝዝዝ» ያለው እሱ ነበር። ብሎኑን በአጭር ቀየርነው።

አሁንም ግን ዲ ኖታ ላይ፣ ኤ ክር 5ኛ ፍሬት፣ ጠንከር አድርጌ ስመታ ትንሽ ይርገበገባል። ክዳኑን በጣቴ ስጫነው ያቆማል። ምን ይሻላል?

---

ጋሽ_ወፍራም_ክር — እሁድ፣ ቀን 10፡15
እንኳን ደስ ያለህ ልጄ።

ስትጫነው ካቆመ ጥፋቱ የክዳኑ ነው፤ የሳድል አይደለም። ከንፈሩ ገላው ላይ ሙሉ በሙሉ አልተኛም ማለት ነው። ብሎኑን አጥብቀህ ለማስተኛት አትሞክር። ክሮሙ ይታጠፋል፤ ቀዳዳውም ይበላሻል። ከከንፈሩ ሥር ቀጭን ነገር አድርግለት። የብስክሌት ከመነዳሪ በከንፈሩ ልክ ቆርጠህ ብታስገባ ለፖሊስተር ቀለም ምንም አይለውም። ቤዙ የድሮ፣ ናይትሮ ቀለም ያለው ቢሆን ጎማ አልመክርም ነበር፤ ጎማ ናይትሮን ያቆስለዋል። ለዚያ ቀጭን የሱፍ ጨርቅ ይሻላል።

---

ቤዘኛው_ዘጅማ — እሁድ፣ ማታ 1፡30
ከመነዳሪው ሠራ። ፈረንጅ አራዳ ካለ ብስክሌት ጠጋኝ ቁራጭ ተቀበልኩ። መርገብገቡ የለም።

ድምፁን ልንገራችሁ። ባቲ ላይ ቤዙ «ዱም» ይልና ይቆማል። ከበሮ መቺያችን ገና ሁለት ዙር ሳንጨርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ኪኩን እንኳን አቅልሎ መምታት ጀመረ። የሙላቱ አስታጥቄ የትውልድ ከተማ ውስጥ እየኖርን የድሮውን ድምፅ በትክክል ለማውጣት መድከም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

---

ጃዝ_ቤዝ_ያለው — ሰኞ፣ ጠዋት 2፡45
ውይይቱን ሙሉ አነበብኩት፤ በጣም ጠቅሞኛል። የእኔ ጃዝ ቤዝ ቅርፅ ነው። የ60ዎቹ ዓይነት ክዳን ልገዛ ነው። በቀጥታ ይገባል?

---

ጋሽ_ወፍራም_ክር — ሰኞ፣ ጠዋት 3፡10
ሳትለካ አትግዛ። በፈረንጅ 70ዎቹ ፌንደር የጃዝ ቤዝን የኋላ ፒካፕ ወደ ብሪጁ ጠጋ አድርጎታል፤ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ። ከዚያ ወዲህ የሚሠሩ ቤዞች ግማሾቹ የ60ዎቹን፣ ግማሾቹ የ70ዎቹን ርቀት ነው የሚከተሉት። ለአንዱ የተሠራው ክዳን በሌላው ላይ ፒካፑን ከመሐሉ ሊቆርጠው ይችላል፤ ይቀመጣል፣ ግን ያስጠላል። ከብሪጁ የኋላ ጠርዝ እስከ ፒካፑ የፊት ጠርዝ ለካ፤ ሻጩን የክዳኑን የውስጥ ርዝመት በሚሊሜትር ጠይቀው። ስፋቱንም እንዲሁ፣ ከኢ ክር ውጫዊ ጠርዝ እስከ ጂ ክር ውጫዊ ጠርዝ። ባለ 5 ክር ከሆነ ደግሞ የባለ 4ቱ አይገባም።

---

እንጨት_ሠሪው_ከመርካቶ — ሰኞ፣ ጠዋት 3፡30
ለፕሪሲዥን ዓይነት ክዳን የሠራነው የካርቶን ፎርማ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሚፈልግ መጥቶ በወረቀት ይገልብጠው። @ጃዝ_ቤዝ_ያለው ክዳንህ ሲመጣ ከቤዙ ጋር ይዘኸው ና፤ ለእሱም ሌላ ፎርማ እንቆርጣለን።